ለአያ እንድሪስ «የለችም» ያልኩበት ቀን

ይህን ነገር ለሰው ባወራሁ ቁጥር የሚያጽናናኝ አይጠፋም። «አንቺ ምን አደረግሽ፣ ማሽን ነው የተበላሸው» ይለኛል። እናንተም እንደዚያ ልትሉኝ ካሰባችሁ ከወዲሁ ልለምናችሁ፣ አታጽናኑኝ። ማሽኑ አልተበላሸም። የታዘዘውን ነው የሠራው፤ ያዘዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ሞሚና እባላለሁ፣ የመርሳ ልጅ ነኝ። ጦርነቱ ሲመጣ ወልድያ ውስጥ በአንድ ቢሮ፣ ስሙን ባልጠራው ይሻላል፣ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ እሠራ ነበር። ሰርቨር፣ ማለትም የቢሮው ዋና ኮምፒውተር፣ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ከእኔ በቀር ስላልነበረ አለቃዬ እንኳ ሲያናግረኝ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ወላሂ፣ ያ ነገር አበላሽቶኛል። አንድ ነገር እንቢ ሲል «ምን ነካካችሁ?» ብዬ እቆጣለሁ፤ ሳስተካክለው ደግሞ ምን እንደነበር ለማንም አልነግርም። እናቴ ምላሴን ትፈራው ነበር። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ቀስ በይ ትለኛለች። እኔ ግን ቀስ የሚል ሰው ያናድደኝ ነበር።

የቢሯችንን አሠራር ሳልነግራችሁ ወደ ነገሩ ብገባ አይገባችሁም። በእኛ ቢሮ ኮምፒውተር የሚከፈትበት ስምና የይለፍ ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ ወረቀት ላይ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ስንፍና እንዳይመስላችሁ። እኛ አገር ሰው ለቅሶ ይሄዳል። ዛሬ አንዱ አጎቱ ሞቶበት ይቀራል፣ ነገ ሌላዋ የጎረቤት ቀብር አለባት፤ ሁሉም የየራሱ ስም ቢኖረው የቀረው ሰው ሥራ ተቆልፎ ይውላል። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ስም ይገባል። እኔም ሰርቨሩ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች ሁሉ በዚያው ስም ነበር የማስነሳቸው። አንድ ጊዜ ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን የተጠቃሚ ስም ስጡት ሲለን «የኔ ወንድም፣ አንተ አገር ለቅሶ አይኬድም እንዴ?» ብዬ ሰው ሁሉ እንዲስቅበት አደረግኩ።

ሌላም አለ። ከተረጂዎች መዝገብ ውስጥ ስም የሚፈልገውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ከበላይ እንግዶች መጥተው ሳሳያቸው ፍለጋው ከሸፈና ገጹ በቀይ የስህተት ጽሑፍ ተሞላ። አለቃዬ ላብ በላብ ሆነ። እንግዶቹ ሲሄዱ እንግዳ ፊት ገበናችንን አወጣሽው አለኝ። ያ ቃል አቃጠለኝ። በማግስቱ ፕሮግራሙን ከፍቼ አንድ ትንሽ መስመር ጨመርኩበት፦ ፍለጋው በምንም ምክንያት ቢከሽፍ ቀዩን ጽሑፍ ዋጥ አድርጎ ባዶ ውጤት እንዲመልስ። ውጤቱ ባዶ ሲሆን ደግሞ ገጹ «በዚህ ስም የተመዘገበ ሰው የለም» ይላል። አለቃዬ ደስ አለው። እኔም ገበናውን ሸፍኜ ረሳሁት።

ተኩሱ ወደ ወልድያ ሲጠጋ ቢሮው መርሳ ወረደ። ሰርቨሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መኪና ላይ የጫነው የቢሮው ሹፌር ጋሽ ታደሰ ነው፤ የወልድያ ሰው፣ ክርስቲያን፣ ነገር የማያበዛ፣ የሚንኮሻኮሽ ሞተር በጆሮው ብቻ የሚያውቅ ሰው። መርሳ ላይ በአንድ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ሰጡን። ሥራችን ከቤቱ የወጣውን ሰው መመዝገብ፣ ዘመድ የጠፋበትን ደግሞ ማፈላለግ ሆነ። ምዝገባው በሦስት ቦታ ነበር፤ በሲሪንቃ፣ በመርሳና በውርጌሳ። አንድ ሰው መጥቶ ስም ሲጠይቅ ፕሮግራሜ ሦስት ትንንሽ ረዳቶች ያስነሳል። አንዱ የሲሪንቃን፣ አንዱ የመርሳን፣ አንዱ የውርጌሳን ዝርዝር አይቶ መልሱን ይሰጥና ይጠፋል። እነዚህን ረዳቶች በሙያው ቋንቋ ፕሮሰስ እንላቸዋለን።

የውርጌሳ ዝርዝር በሞተር ብስክሌት በፍላሽ ነበር የሚመጣልን፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ያን ቀን ጠዋት ግን ስልኩ ብልጭ ማለት ጀመረ። ኔትወርክ መጣ ብዬ ተነሳሁ። አንድ ሰዓት ላይ፣ ሰልፉ ሳይጀምር፣ ውርጌሳ ያለውን ላፕቶፕ እያንኳኳ አዲስ ስም የሚያመጣ ሌላ ፕሮግራም ጻፍኩ። በየግማሽ ሰዓቱ ቢያንኳኳ በቂ ነበር። እኔ ግን ሰው እንዲህ እየተጨነቀ ማን ግማሽ ሰዓት ይጠብቃል ብዬ በየአስር ሰከንዱ አልኩት። መጀመሪያ ሲያንኳኳ የውርጌሳን ዝርዝር ሙሉ በሙሉ ይዞልኝ መጣ። ደስታዬን አልነግራችሁም። ሻይ እንኳ ሳልጠጣ በሩን ከፈትኩ።

ጠዋቱ ጥሩ ነበር። አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ሲሪንቃ አገኘቻቸው፤ አንድ ነጋዴ ወንድሙን ውርጌሳ አገኘ። እልልታው ግቢውን ሞላው። ሦስት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። «የለም» ነው መልሱ። ለሚቀጥለውም የለም፣ ለዚያኛውም የለም። አስተውዬዋለሁ፣ አላስተዋልኩም ብል እዋሻለሁ። ግን ያን ጠዋት የመጡት ከሩቅ ናቸው፣ ዘመዶቻቸው ገና መንገድ ላይ ይሆናሉ ብዬ ለራሴ መልስ ሰጠሁት። ገጹ ደግሞ ከወትሮው ይፈጥን ነበር። ሌላ ጊዜ ሁለት ሦስት ሰከንድ ያስባል፤ ያን ቀን ስሙን ጽፌ እጄን ሳላነሳ ይመልሳል። ሰርቨሬ ፈጠነ ብዬ ኮራሁ።

አራት ሰዓት አካባቢ አያ እንድሪስ ተራቸው ደረሰ። ከሲሪንቃ በላይ ካለ መንደር የመጡ ገበሬ ናቸው። ቀጠን ያሉ፣ ጋቢ የለበሱ፣ ጺማቸው የነጣ፣ ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ የበላው። በሰላምታ ጀመሩ፤ የእኔን ደኅንነት፣ የእናት አባቴን፣ የአገሩን ሁሉ ጠየቁ። በዚያ ሁሉ ሰልፍ መካከል ሰላምታቸውን አላሳጠሩም። ይቀመጡ ብላቸው ከኋላቸው የቆመውን ሰው አይተው እንቢ አሉ።

ልጃቸው ዘሀራ ወልድያ ነው ያገባችው። ባሏ ሹፌር ነው፣ ለሥራ እንደወጣ መንገዱ ተዘግቶበት በዚያው ቀርቷል። እሷ ዘጠነኛ ወሯ ነው፣ የመጀመሪያ ልጇ። እንደ አገሩ ወግ አባቷ ቤት መጥታ ልትወልድ ነበር፤ ሄደው የሚያመጧትም እሳቸው ነበሩ። እርሻው ይዟቸው ሦስት ቀን ዘገዩ። ወልድያ ሲደርሱ ቤቷ ተቆልፏል፣ ጎረቤቱም ወጥቶ አልቋል። ከሰዉ ጋር ወደ ታች ወርዳ ይሆን፣ ወይስ ምጥ ይዟት እዚያው አንድ ሰው ቤት ገብታ ይሆን፣ የሚነግራቸው አጡ። ስለዚህ መርሳ ድረስ በእግራቸው መጡ። ወደዚህ ወርዳ ከሆነ ስሟ መዝገብ ላይ ይኖራል፤ ከሌለ ግን ወልድያ ቀርታለችና ተመልሼ ማውጣት አለብኝ አሉኝ። ሌላ የሚያጣሩበት መንገድ አልነበራቸውም።

ስሟን ጻፍኩ። ወዲያው መለሰልኝ።

«የለችም አያ» አልኳቸው።

አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ማንበብ የማይችሉትን ገጽ አዩት። እስቲ ደግመሽ እይልኝ አሉ። ደግሜ ጻፍኩ፣ የባሏንም ስም ጨመርኩ። የለም።

ከኋላቸው ልጅ ያቀፈች አንዲት ሴት ቆማለች። ጣልቃ ገብታ፣ ከትናንት በስቲያ ውርጌሳ ሳድር አንዲት እርጉዝ ከጭነት መኪና ስትወርድ አይቻለሁ፣ ዘሀራ ሲሏት የሰማሁ መሰለኝ አለች። አያ እንድሪስ ወደ እሷ ዞሩ። ፊታቸው እንዴት እንደበራ ዛሬም አልረሳውም።

እኔስ ምን አልኩ? እስቲ ስሙኝ።

«መሰለኝ አይሠራም» አልኳት። «የውርጌሳ ዝርዝር ይኸው ነው፤ ዛሬ ጠዋት ራሴ ነኝ ያመጣሁት። ስሟ ቢኖር ይወጣ ነበር። ሰው በጭንቅ ላይ እያለ በወሬ አታንከራትቱት።»

ሴትዮዋ አፈረች፣ ልጇን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች። አያ እንድሪስ አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ። ውርጌሳ ከመርሳ ሩቅ አይደለም። ሄደው በዓይናቸው አይተው መመለስ ይችሉ ነበር። ያሰቡትም ይመስለኛል። ግን እኔ ጠረጴዛ ጀርባ ነበርኩ፣ ፊቴ ኮምፒውተር ነበር፣ ድምፄም ጥርጣሬ አልነበረበትም።

«የተማረ ሰው ያየው ይሻላል» አሉ በመጨረሻ። «እንግዲያ እዚያው ቀርታለች። አላህ ይጨምርልሽ፣ የኔ እናት።»

መረቁኝ። መርቀውኝ ነው የሄዱት።

ሰው ሁሉ ወደ ታች ሲወርድ ወደ ላይ የሚሄድ መኪና ብርቅ ነበር። ያን ሰዓት ግን አንድ ባዶ አይሱዙ የሰው ንብረት ሊያወጣ ወደ ወልድያ ያቀና ነበርና ለምነው ተሳፈሩ። ይህን ኋላ ነው የሰማሁት። እኔ በዚያን ጊዜ ለሚቀጥለው ሰው የለም እያልኩ ነበር።

ሰባት ሰዓት ላይ ዙህር ሰግጄ ስመለስ ጋሽ ታደሰ ገባ። የሚስቱ የምዝገባ ወረቀት በዝናብ በስብሶበት ሌላ እንዳትምለት ፈለገ። ሚስቱን መርሳ በመጣን በማግስቱ በገዛ እጄ ነው የመዘገብኳት፤ እንዲያውም ከፊቴ ተቀምጣ ስታወራኝ ነበር። ስሟን ጻፍኩ።

በዚህ ስም የተመዘገበ ሰው የለም አለኝ።

ጋሽ ታደሰ ሳቅ አለ። «ሚስቴን አጠፋሽብኝ እንዴ ሞሚና?» አለ። እኔ አልሳቅኩም። አብራኝ ከወልድያ የመጣችውን የራሴን እናት ጻፍኩ፣ የለችም። ጠዋት የተገኙትን የሁለቱን ልጆች ስም ጻፍኩ፣ የሉም። ዓለም ሁሉ የለም።

ተራ የሚጠብቀው ሰው ይውጣልኝ ብዬ በሩን ዘጋሁና ሰርቨሩ ፊት ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ሚሞሪው ሞልቶ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ። ግን ለማየት ትእዛዝ ስሰጠው ትእዛዙ ራሱ አልነሳ አለ። ምንም ብጽፍ የሚመልስልኝ አንድ ነው፦ አዲስ ፕሮሰስ ማስነሳት አልተቻለም። በዋናው የአስተዳዳሪ ስም፣ ግድግዳ ላይ ባልተለጠፈው፣ እኔ ብቻ በማውቀው፣ ዞሬ ስገባ ግን ሁሉም ነገር ታዘዘኝ። ሚሞሪው ግማሹ ባዶ ነው፣ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ጤነኛ ነው። ያኔ ገባኝ።

ለማታውቁት በቀላሉ ልንገራችሁ። በዚያ ትምህርት ቤት ግቢ የውሃ ቦቴ ሲመጣ በአንድ ቤተሰብ ስም ሁለት ጀሪካን ብቻ ነበር የሚቀዳው። ቦቴው ሙሉ ቢሆን እንኳ በአንድ ስም ሁለት ጀሪካን ከሞላ ሦስተኛው አይቀዳም። ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድረው ኦፐሬቲንግ ሲስተምም እንደዚያው ነው። አንዱ ፕሮግራም አብዶ ማሽኑን እንዳይጨርሰው በአንድ የተጠቃሚ ስም ስንት ፕሮሰስ ሊነሳ እንደሚችል ልክ አለው። የእኛ ደግሞ ስም አንድ ነው። ጠዋት የጻፍኩት አንኳኪ ፕሮግራም መጀመሪያ ዝርዝሩን ካመጣ በኋላ የውርጌሳ ኔትወርክ ጠፍቷል። እሱ ግን መልስ እየጠበቀ አልሞተም። በየአስር ሰከንዱ ሌላ ይነሳል፣ እሱም ይጠብቃል። ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ድረስ የስማችንን ድርሻ ሞልተውት ቁጭ ብለዋል። ከዚያ በኋላ ሰው ስም ሲጠይቅ ሦስቱ ረዳቶች ከቶም አይነሱም። ዝርዝሩን ያየ ማንም የለም። ገጹ ግን ክፍት ነው፣ ያ የጨመርኩት መስመር ስህተቱን ዋጥ ያደርገውና ባዶ ይመልሳል፣ ባዶውን እኔ የለም ብዬ አነብባለሁ። የፈጠነውም ለዚህ ነው፤ የሚሠራው ሥራ ስለሌለው ነው።

አንኳኪዎቹን በሙሉ ገደልኳቸው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። የጋሽ ታደሰ ሚስት ወጣች፣ እናቴ ወጣች። ፕሮግራሙ የተጠየቀውን ስም ሁሉ ከነሰዓቱ ይመዘግባልና ከሦስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ያለውን ከፍቼ አንድ በአንድ እንደገና መፈለግ ጀመርኩ። ግማሽ የሚሆኑት ነበሩ። ዘሀራ እንድሪስ ጋ ደረስኩና ስሟን ጻፍኩ።

ዘሀራ እንድሪስ፣ ውርጌሳ፣ ከትናንት በስቲያ የተመዘገበች፣ ነፍሰ ጡር፣ ብቻዋን።

ጋሽ ታደሰ ፊቴን አይቶ ምን ሆንሽ አለኝ። ነገርኩት። የመኪናውን ቁልፍ አነሳ። በመስጊዱ ድምፅ ማጉያ የሌሎቹን ስም እያስጠሩ ወደ ትምህርት ቤቱ እንዲመልሷቸው ዝርዝሩን ለሥራ ባልደረቦቼ ሰጥቼ ወደ ወልድያ አቅጣጫ ነዳን። በመንገዱ ላይ ከፊታችን የሚመጣው ሰው ብዛቱ፤ አህያ፣ ፍራሽ የተሸከመ፣ በጋሪ ሽማግሌ የጫነ። አንድም ወደ እኛ አቅጣጫ የሚሄድ የለም። እኔ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ የነጣ ጺም ባየሁ ቁጥር አቁም እለዋለሁ። ስድስት ሰባት ጊዜ ቆመናል፣ ሌላ ሰው ነው።

ሲሪንቃን አለፍ እንዳልን ታጣቂዎች አቆሙን። ከዚህ ወዲያ መኪና አይሄድም አሉ። ለመንኳቸው፤ አንድ ሽማግሌ ነው፣ በስህተት ነው የሄደው፣ ልጁ በዚህ በኩል ናት አልኳቸው። አንዱ፣ የኔ እህት፣ እዚያ ያለው ሁሉ የሰው አባት ነው አለኝ። ባዶ አይሱዙ ሽማግሌ ጭኖ ሲያልፍ አይተዋል፣ ብዙ ሰዓት ሆኖታል። ከሩቅ የሚጮኸው ተኩስ እዚያ ድረስ ይሰማ ነበር። ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ አልኩ። ጋሽ ታደሰ ክንዴን ይዞ መኪና ውስጥ መለሰኝ፤ የምትሄጂው ለሳቸው አይደለም፣ ለራስሽ ነው አለኝ። እውነቱን ነበር። አለቀስኩ፣ እሱም መኪናውን ወደ መርሳ አዞረ።

አመሻሽ ላይ የአይሱዙው ሹፌር መርሳ ተመለሰ። ሄጄ ያዝኩት። ሽማግሌውን ወልድያ መግቢያ ላይ አውርጃቸዋለሁ አለ። እስክጭን ድረስ ልጅዎን ይዘው ይምጡ፣ እመልሳችኋለሁ ብሏቸው ነበር። ዕቃውን ጭኖ ጠበቃቸው። ተኩሱ ሲቀርብ ዕቃውን ግማሹን ጥሎ ወጣ። አልመጡም። እኔ የማውቀው ይህንኑ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያያቸው ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

በማግስቱ ውርጌሳ ሄድኩ። ዘሀራ በትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ እግሯ አብጦ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ከአባቷ ጋር አንድ ዓይነት ናት፣ ያው ቀጠን ያለ ፊት። ሁሉንም ነገርኳት። አንኳኪውንም፣ መስመሩንም፣ ሴትዮዋን እንዴት እንዳሳፈርኳትም። ትሰድበኛለች፣ ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ ምነው ባደረገችው። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«እኔን ፍለጋ ነው የተመለሱት?»

አዎ አልኳት። ይመጣሉ ኢንሻአላህ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከሦስት ቀን በኋላ ሴት ልጅ ወለደች።

ያን ቀን በስህተት «የለም» ካልኳቸው ሰዎች ሌሎቹ በድምፅ ማጉያው ተጠርተው ተመልሰዋል፣ ዘመዳቸውን አግኝተዋል። አንዳንዶቹ አመስግነውኛል እንኳ። አለቃዬም ቶሎ ደርሰሽበታል ብሎ አድንቆኛል። አንድ ሰው ብቻ ነው የጎደለው። እኔ ግን የተገኙትን አንድም ስም አላስታውስም።

ወልድያ ከተለቀቀች በኋላ ሄጄ ጠይቄያለሁ። የዘሀራ ቤት ቁልፉ እንዳለ ነው። ጎረቤት ጠየቅኩ፣ በየሰፈሩ ሰው የተቀበረበትን ቦታ የሚያውቁ አሉ ቢሉኝ እነሱንም ጠየቅኩ። ጋቢ የለበሰ፣ ጺሙ የነጣ ሽማግሌ ስል የሚያዩኝ አስተያየት ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም። ስንቱን ሽማግሌ ያስታውሱ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ምን ተማርሽ ብትሉኝ አፍራለሁ። ዛሬ ለየፕሮግራሙ የየራሱን ስም ሰጥቻለሁ፤ ለቅሶ የሚሄደውም ይሂድ። የፕሮሰሱን ልክ አውቀዋለሁ፣ ሊሞላ ሲል ይጮህልኛል። ያንን መስመር አጥፍቼዋለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። እናንተ ግን በመስኮት ጀርባ የምትቀመጡ፣ መዝገብ ያላችሁ፣ ሐኪሞች፣ ጸሐፊዎች፣ እንደ እኔ ኮምፒውተር ፊት የተሾማችሁ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰው እናንተ ፊት የሚቆመው አምኖ ነው። ፈልጌ አጣሁ ማለትና ሳልፈልግ ቀረሁ ማለት ለእናንተ አንድ ዓይነት ባዶ ገጽ ሊሆን ይችላል፤ ለእሱ ግን ወደ ውርጌሳና ወደ ወልድያ የሚለያይ መንገድ ነው። ያን ቀን አንድ ጊዜ ብቻ እንጃ፣ ቢያጣሩ ይሻላል ብዬ ቢሆን ኖሮ። እንጃ ማለት ያኔ ለእኔ ሽንፈት ነበር።

አብቅቻለሁ ብዬ ነበር፣ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ዘሀራ ቢሮዬ መጣች። ልጇን ይዛ ነው፤ ልጅቱ መሬቱ ላይ በወረቀት ትጫወታለች። ሰላምታዋ ልክ እንደ አባቷ ረጅም ነው። ከዚያ የመጣችበትን ነገረችኝ። እናቷ ባሌ አልሞተም ብላ እስከ ዛሬ ሐዘን አልተቀመጠችም። ለነፍሱ ሰደቃ እናውጣ ሲሏት በቁሙ ላለ ሰው አይወጣም ትላለች። እኛ አገር መርዶ ሳይመጣ አይለቀስም፤ ሽማግሌዎቹም ያየ ሰው ይምጣና ይናገር ብለዋል። ያየ ደግሞ የለም። ስለዚህ ቤቱ ሁለት ዓመት ሙሉ አላለቀሰም፣ አልተጽናናም፣ ሰውም ደፍሮ አላህ ይማራቸው አላለም።

«መርሳ ላይ መጨረሻ ያናገርሻቸው አንቺ ነሽ» አለችኝ። «አንቺ ነሽ የተማርሽው። ከመዝገብ ወጣ፣ ሞተዋል ብለሽ ብትነግሪያቸው ሽማግሌዎቹ ያምኑሻል። እናቴም ትቀመጣለች። እባክሽ በይልኝ።»

ምን ያህል ልላት እንደፈለግኩ አላህ ነው የሚያውቀው። አንድ ቃል ነው። ሞተዋል ማለት ምናልባት እውነትም ነው። ሽማግሌዎቹ ይነሳሉ፣ ድንኳን ይተከላል፣ እናቷ ታለቅሳለች፣ አንድ ቀን ደግሞ ዕንባዋን ትጠርጋለች። የአባቷን ዕዳ ከፈልኩ ብዬ እኔም እተኛለሁ። ግን እሺ ልል አፌን ስከፍት ያ አራት ሰዓት መጣብኝ፤ ሳላይ እንዳየሁ ሆኜ ስናገር።

«አላውቅም ዘሀራ» አልኳት። «መሞታቸውን አላውቅም። የማላውቀውን ልናገር አልችልም።»

ከዚያ ጎንበስ ብላ ልጇን አዘለቻትና ነጠላዋን አጥብቃ አሰረች።

«ምናለ ያን ቀን ለሳቸውም እንዲሁ ብለሻቸው ቢሆን» አለች።

በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች። ለአያ እንድሪስ እስከ ዛሬ ለቅሶ አልተቀመጠም።